«እዚህ ድረስ አውቃለሁ»፦ ቃለ መጠይቅ ላይ የማታውቁትን ስትጠየቁ

ለሂሳብ ሠራተኛ ቦታ የሚመጡ ሲቪዎችን ሳገላብጥ አንድ ነገር ያስቀኛል። ሁሉም ሰው ኤክሴል «በጣም ጥሩ» ነው። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌርም «በጣም ጥሩ» ነው። እንግሊዝኛም «በጣም ጥሩ» ነው። ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሪፖርት መመዘኛ አይኤፍአርኤስንማ አሁን አሁን የማይጽፈው ሰው የለም። በወረቀት ላይ የሚጎድለው ሰው አላጋጠመኝም። ከዚያ ባለቤቱ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ውኃ ይቀርብለታል። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ላብ በላብ ይሆናል።

አዲስ አበባ ውስጥ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። ለዓመታት ተጠያቂ ሆኜ ቃለ መጠይቅ ቀርቤያለሁ። አሁን ደግሞ ድርጅታችን ሰው ሲቀጥር ከሰው ሀብት ኃላፊው ጋር ጠያቂ ሆኜ እቀመጣለሁ። ይህን የምጽፈው ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥታችሁ፣ ወይም አንድ ሁለት ዓመት ሠርታችሁ ሥራ እያፈላለጋችሁ ላላችሁ ነው። ምሳሌዎቼ ከሂሳብ ሥራ ናቸው፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ነርስም ሁኑ ኢንጂነር ግን የየራሳችሁን አታጡም።

«አላውቅም» ማለት ለምን እንደሚከብደን ይገባኛል። ትምህርት ቤት ባዶ መተው ነውር ነበር። «ባዶ ከምትተዉት ገምቱ» እየተባልን ነው ያደግነው። ምርጫ ጥያቄ ላይ ደግሞ ምክሩ ልክ ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ ካልተቀነሰ ከአራቱ አንዱን መምታት ምንም አያስከፍልም። ከ2015 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ሁሉ የሚወስደው የመውጫ ፈተናም ምርጫ ነው። ግማሹን ካገኛችሁ አለፋችሁ። በዕውቀት ይሁን በግምት ማንም አይጠይቃችሁም። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን ከመልሳችሁ በኋላ «እንዴት?» የሚል ሰው ፊት ለፊታችሁ ተቀምጧል። ግምት ደግሞ «እንዴት?» ሲመጣ አይቆምም።

አንድ ኢንተርቪው በዝርዝር ልንገራችሁ።

ከጀማሪነት ወጥቼ ሻል ያለ ቦታ በምፈልግበት ሰሞን አንድ አስመጪ ድርጅት ጠራኝ። ያኔ የምሠራው አገልግሎት ሰጪ ድርጅት ውስጥ ስለነበር ዕቃ አስመጥተን አናውቅም። ኤል ሲ የሚባለውንም፣ ባንክ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና፣ የማውቀው ከመጽሐፍ ነው። የፋይናንስ ኃላፊው በዕድሜ ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሰው ነበሩ። «እስኪ ስለራስሽ ንገሪን» የሚባለውን እንኳ አላሉኝም። ከመሳቢያቸው አንድ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አወጡና ወደ እኔ አዞሩት።

«እዚህ ላይ ከተከፈሉት ውስጥ የትኛው ዕቃው ዋጋ ላይ ይገባል? የትኛውስ አይገባም?» አሉኝ።

ወረቀቱ ላይ የጉምሩክ ቀረጥ አለ። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣል ሱር ታክስ የሚባል ተጨማሪ ግብር አለ። ቫት አለ። 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግ አለ።

ከማውቀው ጀመርኩ። ቀረጡ ዕቃው ዋጋ ላይ ይገባል። ቫቱን ስንሸጥ ከምንሰበስበው ላይ ስለምናቀናንሰው ዋጋ ላይ አይጫንም። 3 በመቶውም ለዓመቱ የትርፍ ግብር በቅድሚያ የተከፈለ ስለሆነ እንደ ተሰብሳቢ ይያዛል እንጂ ዕቃው ላይ አይገባም። እስከዚህ ሳልደናቀፍ ሄድኩ። ሱር ታክሱ ጋ ስደርስ ቆምኩ። ስሙን አውቀዋለሁ። 10 በመቶ መሆኑንም አውቃለሁ። እንደ ቫቱ ይቀናነስ አይቀናነስ ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ያልኩት ይህን ነው፦ «ሱር ታክሱን በእጄ ሠርቼው ስለማላውቅ እርግጠኛ አይደለሁም። የሚቀናነስ ከሆነ እንደ ቫቱ ይያዛል። የማይመለስልን ከሆነ ግን ወጪው የእኛ ስለሆነ ዕቃው ላይ ይገባል። እዚህ ሥራ ላይ ቢገጥመኝ ከመመዝገቤ በፊት ደንቡን አያለሁ፣ ያለፈው ዓመት እንዴት እንደተመዘገበም አያለሁ።»

ሰውየው መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «አይመለስም» አሉ።

«እንግዲያው ዕቃው ላይ ይገባል።»

«ትራንዚተሩ የሚያስከፍለንስ?»

ቀጠልን። ከዚያ በኋላ ኢንተርቪው ኢንተርቪው አልሸተተኝም። እሳቸው ያስረዳሉ፣ እኔ እጠይቃለሁ። ኤል ሲ ስንከፍት ባንኩ ጋ የሚቀመጠውን ተቀማጭ፣ ዕቃው መንገድ ላይ እያለ የሚያዝበትን አካውንት፣ ጅቡቲ ላይ የሚቆየውን ጭነት ሁሉ አወራን። ብዙውን አላውቀውም ነበር። እንደማላውቀው እሳቸውም ገብቷቸዋል። ሥራውን ግን ሰጡኝ።

ከወራት በኋላ ቡና እየጠጣን ስለዚያ ቀን ተነሣ። ከእኔ በፊት የገባ ሰው አራቱንም በአንድ ትንፋሽ መልሶ ነበር አሉኝ። ሱር ታክሱን ከቫት ጋር አንድ ላይ ጨፍልቆ። «ስህተቱ አይደለም የከበደኝ» አሉ። «በሚያውቀው ጊዜም በማያውቀው ጊዜም ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ወር በመጣ ቁጥር እያንዳንዷን ቫውቸር መልሼ እንዳይ ያደርገኛል።»

ይህን ነገር እኔ ራሴ ሰው መቅጠር እስክጀምር ድረስ በደንብ አልገባኝም ነበር። ቀጣሪ ሁሉን የሚያውቅ ሰው አገኛለሁ ብሎ አይጠብቅም። የሚፈልገው የሰውየውን ቃል የት ድረስ ማመን እንደሚችል ማወቅ ነው። «እዚህ ድረስ አውቃለሁ፣ ከዚህ በኋላ እጠይቃለሁ» የሚል ሰው ያወቀውን ብዙ ሳትፈትሽለት ታልፋለህ። ያላወቀውን ደግሞ ራሱ ያመጣልሃል።

ሆኖም ደረቅ «አላውቅም» ይበቃል እያልኩ አይደለም። አንዳንድ ልጆች «ሐቀኛ ሁኑ» የሚለውን ምክር ሰምተው ይመጡና «አላውቅም» ብለው ዝም ይላሉ። ቀጣዩን ጥያቄ ይጠብቃሉ። ይህ ለጠያቂው ምንም አይነግረውም። ረስታችሁት ነው? ተምራችሁት ሳትሠሩበት ቀርታችሁ ነው? ስሙንም ዛሬ መስማታችሁ ነው? ሦስቱ በጣም የተለያዩ ናቸው። የረሳ ሰው በአንድ ቀን ያስታውሰዋል። የተማረ ግን ያልሠራ ሰው አንድ ወር አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ይፈልጋል። ሰምቶት የማያውቅ ደግሞ ከሥሩ መጀመር አለበት። የትኛው እንደሆናችሁ ንገሯቸው። «ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ሥራ ላይ ግን አልገጠመኝም» ማለት ትንፋሽ አይፈጅም። ጠያቂው ግን ስለ እናንተ ብዙ ነገር ይረዳበታል።

አሁን ደስ የማይለውን ላውራ። ይህ አካሄድ የማይሠራበት ቤት አለ።

አንድ ትልቅ ተቋም ለሲኒየር አካውንታንት ቦታ የጽሑፍ ፈተና አልፌ ለቃል ተጠራሁ። አምስት ሰዎች ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ፊት የነጥብ መስጫ ወረቀት አለ። ጥያቄዎቹ ለሁሉም ተፈታኝ አንድ ናቸው፣ በተራ ይነበባሉ። ማንም ፈገግ አይልም። አንደኛው ጥያቄ ስለ ኪራይ ነበር፤ አዲሱ የኪራይ መመዘኛ አይኤፍአርኤስ 16 ከቀድሞው አይኤኤስ 17 በምን ይለያል የሚል። እኔም በሐቅ መለስኩ። አዲሱ መመዘኛ በፈረንጆቹ 2019 ሥራ ላይ እንደዋለ፣ እኛ ድርጅት ግን እስካሁን እንዳልተገበርነው፣ ዝርዝሩን እንደማላውቀው ተናገርኩ። አምስቱም አቀርቅረው ጻፉ። «እንዴት?» የሚል የለም፣ «ቢሆንስ ብለሽ አስቢ» የሚል የለም። ቀጣዩ ጥያቄ ተነበበ። ቦታው ለሌላ ሰው ሆነ።

እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ጠያቂዎቹ የመልስ ቁልፍ ይዘዋል። ቁልፉ ላይ ለእያንዳንዷ ነጥብ ማርክ አለ። «አላውቅም» የሚባል ማርክ ግን የለም። ታዲያ ውሸት ይሻላል? አይሻልም፤ ቁልፍ የያዘ ሰው ግምታችሁን በቀላሉ ይለየዋል። ቅደም ተከተሉን ቀይሩት። ስለ ጉዳዩ የምታውቋትን ሁሉ፣ ትንሽ ብትሆንም፣ አስቀድማችሁ ዘርዝሩ። ድንበሩን መጨረሻ ላይ ተናገሩ። የኪራዩ ጥያቄ ላይ ለምሳሌ፣ ድሮ ብዙ የኪራይ ውል በየወሩ ወጪ ተብሎ ብቻ ይመዘገብ እንደነበር፣ በአዲሱ ግን ተከራዩ አብዛኛውን ውል እንደ ንብረትና እንደ ዕዳ መዝገቡ ላይ እንደሚያወጣው የሚያውቅ ሰው እሱን ይበል። ከዚያ «ስሌቱን በእጄ አልሠራሁም» ይበል። በ«አላውቅም» ከጀመራችሁ እስክሪብቶው ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ የምትሉት ወርቅም ቢሆን የሚጽፈው የለም።

ወደ አሁኑ ወንበሬ ልመለስ።

የሚያድበሰብስ ሰው ከማዶ ሲታይ ምን እንደሚመስል ብታውቁ ሁላችሁም ትተዉት ነበር። መጀመሪያ ዐረፍተ ነገሩ ይረዝማል። ከዚያ እንግሊዝኛው ይበዛል። «ቤዚካሊ» ይገባል። ቀጥሎ «እንደየድርጅቱ ሁኔታ ይለያያል» ይመጣል። ይለያያል፣ አዎ። ግን እንዴት ነው የሚለያየው? ዝም።

ለሁሉም የማቀርባት አንዲት ቀላል ጥያቄ አለችኝ። «የእኛ መዝገብ ባንክ ውስጥ 800,000 ብር አለን ይላል። ባንኩ የላከው ስቴትመንት 950,000 ይላል። ምን ሆኖ ሊሆን ይችላል?» መልሱ ብዙ ነው። ጽፈን ሰጥተን ገና ያልተመነዘረ ቼክ ይኖራል። ደንበኛ በቀጥታ አካውንታችን ውስጥ አስገብቶ እኛ ያላወቅነው ገንዘብ ይኖራል። አንዷን የጠቀሰ ሰው ይበቃኛል። አንድ ሲቪው ላይ የብዙ ዓመት ልምድ የጻፈ ሰው ግን «ይህ የሲስተም ችግር ነው» አለኝ። የትኛው ሲስተም? «ፒችትሪው።» ፒችትሪ ምን ያደርጋል? «ራሱ ያስተካክለዋል።» (በነገራችን ላይ የሶፍትዌሩ ስም ሴጅ 50 ከተባለ ቆይቷል። እኛ አገር ግን ማን ሰምቶ፤ እስከ ዛሬ ፒችትሪ ነው።) ሰውየው «ባንክ ሪኮንሲሌሽን እኛ ቤት ሌላ ሰው ነው የሚሠራው» ቢለኝ ኖሮ በፍጹም አልፈርድበትም ነበር። ብዙ ድርጅት ውስጥ እንዲያ ነው። ገንዘብ የሚከፍለውና መዝገቡን ከባንኩ ስቴትመንት ጋር የሚያስታርቀው ሰው መለያየቱ እንዲያውም ጥሩ አሠራር ነው። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» ይላል የአገሬ ሰው።

በዚያው ዙር አንዲት ልጅ መጣች። ልጅ ወልዳ ሁለት ዓመት ያህል ከሥራ ርቃለች። ስለ ደመወዝ ግብር ጠየቅናት። «እኔ የማውቀው ሠንጠረዥ ከ600 ብር በታች ከግብር ነፃ የሆነበትን ነው» አለች። «ተሻሽሏል ሲባል ሰምቻለሁ፣ በአዲሱ ግን ደመወዝ ሠርቼ አላውቅም። ጡረታው ያው ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ መሰለኝ። እሱንም አረጋግጣለሁ።» በ2017 በወጣው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው መጠን ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል። ይህን አለማወቋ ምንም አላሳሰበኝም። ሠንጠረዡን ማተም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዕውቀቷ የየትኛው ጊዜ እንደሆነ ማወቋ ግን በገንዘብ አይገዛም። ሕግ በተቀየረ ማግስት በአሮጌው ሠንጠረዥ ደመወዝ ሠርቶ ሠራተኛው ሁሉ በር ላይ እንዲሰለፍ የሚያደርገው፣ የሚያውቀው ያረጀበት መሆኑን ያልጠረጠረ ሰው ነው። ልጅቷ አሁን ከእኛ ጋር ናት።

ሥራ ፈላጊዎች የማይቆጥሩት ሌላ ነገር አለ። ኢንተርቪውን በማድበስበስ ብታልፉት እንኳ የሙከራ ጊዜ አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት እስከ 60 የሥራ ቀን ይደርሳል። በዚያ ውስጥ ቀጣሪው ለሥራው ብቁ ሆናችሁ ካላገኛችሁ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። 60 የሥራ ቀን ማለት ሁለት የወር መዝጊያ፣ ሁለት የደመወዝ ጊዜ፣ ሁለት የቫት ሪፖርት ማለት ነው። የሂሳብ ሠራተኛ በዚያ ሁሉ ውስጥ ተደብቆ አያልፍም። የነበራችሁን ሥራ ለቃችሁ፣ ክሊራንስ ጨርሳችሁ፣ ዋስ ለምናችሁ ገብታችሁ በሁለተኛው ወር መመለስ ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያወራው ነገር ልግባ። እኛ ዘንድ ውሸቱ በሌላ በኩልም አለ። የምናውቀውን «አላውቅም» እንላለን። አስተዳደጋችን ነው። ራስን ማውራት ነውር ነው። «ጎበዝ ነኝ» ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» እንላለን።

አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ለሂሳብ ቦታ መጡ። ከፋብሪካ ነው የመጡት። የሰው ሀብት ኃላፊው «የወር ሂሳብ መዝጋት ይችላሉ?» አላቸው።

«ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ።»

ኃላፊው ወረቀቱ ላይ «ደከም ያለ» ብሎ ሲጽፍ አየሁት። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ባለፈው ወር እዚያ መሥሪያ ቤት ወሩን ማን ነው የዘጋው?» አልኳቸው።

«እኔ ነኝ።»

«ከዚያ በፊት ያለውንስ?»

«እሱንም እኔው።»

«ሠርተው ሲጨርሱ ማን ያየዋል?»

«ማን ያየዋል ብለሽ ነው ልጄ። ዓመት ሲሞላ ኦዲተር ይመጣል።»

እኚህ ሴትዮ የአንድን ፋብሪካ ሂሳብ ብቻቸውን ሲዘጉ ኖረዋል። ይህን ነው «ትንሽ ትንሽ» የሚሉት። ያቺን ጥያቄ ባልጨምር ኖሮ በትሕትናቸው ምክንያት ይወድቁ ነበር። ሁሉም ጠያቂ ደግሞ አይጨምርም። ትሕትና ሌላ ቦታ ያምራል። ቃለ መጠይቅ ላይ ግን የተሳሳተ መረጃ ነው፤ ልክ እንደ ጉራው። ጉረኛ መምሰል ካስፈራችሁ ስለራሳችሁ ቅጽል አትጠቀሙ፤ ሥራውን ብቻ ተናገሩ። «ጎበዝ ነኝ» በሚለው ፈንታ «የ120 ሰው ደመወዝ በየወሩ እሠራለሁ» በሉ። ይህ ጉራ አይደለም፣ መረጃ ነው። ስትናገሩትም አያሳፍርም።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። ብዙ ቦታ፣ በተለይ የውጭ ድርጅቶች ዘንድ፣ ኢንተርቪው በእንግሊዝኛ ነው። አንዳንዱ በዙም ነው። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ፣ ጠያቂው ደግሞ ሲፈጥን፣ ግማሹ አይሰማም። እዚህ ላይ የማየው ጥፋት ጥያቄውን በግምት ይዞ መመለስ ነው። ጥያቄው አለመግባቱና መልሱን አለማወቅ ለየቅል ናቸው። አንድ የዕርዳታ ድርጅት በዙም ሲጠይቀኝ ስለ ዓመት መዝጊያ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ደግነቱ «ጥያቄውን በትክክል አልያዝኩትም፣ በሌላ አባባል ቢደግሙልኝ» አልኩት። ሲደግመው ጥያቄው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ፕሮጀክቱ አልቆ የለጋሹ ገንዘብ ቢተርፍ ምን ትመዘግቢያለሽ ነው ያለው። ማስደገም አያስጠላም። ሦስቴ ካላስደገማችሁ በስተቀር። መልሱን ታውቁት እንደሆነና እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ደግሞ «በአማርኛ ልጨርሰው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጠያቂው አማርኛ የሚችል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይላችኋል።

«አላውቅም» የማይባልባቸው ጥያቄዎች እንዳሉም እወቁ። ድርጅቱ ምን እንደሚሠራ ስትጠየቁ «አላውቅም» ማለት ሐቀኝነት ሳይሆን አለመዘጋጀት ነው። ማስታወቂያው ላይ በግልጽ የተጻፈውን የሥራ ዝርዝር አለማወቅም እንደዚያው። የሂሳብ ተመራቂ ሆናችሁ ዴቢትና ክሬዲት ከተምታታባችሁ ከኢንተርቪው በፊት ቁጭ ብሎ መከለስ ነው እንጂ በሐቅ ማመን አያድንም። ደመወዝ ስንት ትጠብቃላችሁ ስትባሉ ደግሞ «እንደ ድርጅቱ ስኬል» ትላላችሁ። እኔም ብዬዋለሁ፣ ሁሉም ይለዋል። ገበያውን አለማወቅ ከሆነ ግን በዚያ ቦታ የሚሠራ ጓደኛ በቴሌግራም መጠየቅ አይከብድም።

በአንድ ኢንተርቪው ውስጥ «ይህን አልሠራሁም» የምትሉት በጣም ከበዛ ግን አትደናገጡ፣ አትዋሹም፤ ዝም ብላችሁ እውነቱን ተናገሩ። ቦታው ለእናንተ ገና ነው ማለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ይህንኑ ጮክ ብዬ ተናግሬያለሁ። «ከጥያቄዎቹ እንደተረዳሁት እናንተ የምትፈልጉት ፋብሪካ ውስጥ የምርት ወጪ የሠራ ሰው ነው። እኔ እሱ ላይ የለሁበትም» አልኩ። ጠያቂዋ ሳቀች። የዚያ ቦታ ነገር እዚያው አበቃ። ግን ኢንተርቪው ላይ እንዲህ ስናገር ያወቀችኝ ሴት በኋላ ሌላ ቦታ ሲከፈት ስልኬን ፈልጋ ደውላልኛለች።

ቦታው የሚሆናችሁ ከሆነና አንድ ሁለት ነገር ብቻ ከጎደላችሁ ደግሞ እናንተም ጠይቁ። «ይህን ሥራ አሁን የሚሠራው ማነው? ርክክብ ይኖራል? ለጥቂት ሳምንት አብሬው መቀመጥ እችላለሁ?» ለእኔ ከዚህ የተሻለ የተጠያቂ ጥያቄ የለም። የማታውቁትን እንዴት እንደምትሞሉት ማሰብ መጀመራችሁን ያሳያል። ስለ ድርጅቱም ብዙ ትሰማላችሁ። «ርክክብ የለም፣ ሰውየው ከወጣ ቆይቷል፣ ፋይሉም የት እንዳለ አናውቅም» ካሏችሁ፣ ምን ውስጥ እንደምትገቡ አስቀድማችሁ አወቃችሁ።

ሲቪውንም አስተካክሉት። «በጣም ጥሩ» የሚለውን ሰርዙት። በሁለት መስመር ክፈሉት። አንዱ ላይ በየቀኑ የምትሠሩበትን ጻፉ፦ «ኤክሴል፦ ቪሉክአፕና ፒቮት ቴብል ለወር ሪፖርት እጠቀማለሁ።» ሌላው ላይ ተምራችሁ ያልሠራችሁበትን ጻፉ፦ «አይኤፍአርኤስ፦ ሥልጠና ወስጃለሁ፣ ሥራ ላይ አልተገበርኩም።» ሁለተኛውን መስመር የሚጽፍ ሰው ስለሌለ ብቻ ወረቀታችሁ ይታያል። እኔ ሲደርሰኝ እንደዚህ ዓይነቱን ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። ዘመድ መሥሪያ ቤት የሚጻፍ የሐሰት የልምድ ደብዳቤን ግን አትንኩት። ደብዳቤው ላይ ባለው ስልክ ይደወላል። እኔም እደውላለሁ።

ከኢንተርቪው ስትወጡ ታክሲ ከመያዛችሁ በፊት ያላወቃችኋቸውን ጥያቄዎች ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ማታ መልሱን ፈልጉ። አዋጁን፣ ደንቡን፣ ካልሆነም የሚያውቅ ሰው። ብዙ ድርጅት ሁለተኛ ዙር አለው። ሁለተኛው ዙር ላይ ያንኑ ጉዳይ መልሶ የሚያነሣ ጠያቂ አለ። ባያነሡትም እናንተ «ባለፈው ያልመለስኩትን አይቼው መጣሁ» ማለት ትችላላችሁ። በቡድን ሆናችሁ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ ዝርዝሩን ለጓደኞቻችሁ አካፍሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ የሚጠየቀው ጥያቄ ያን ያህል ብዙ አይደለም። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ሲዞር ታገኙታላችሁ።